ትንሹ ቦርድ ቅንጦት አይደለም፤ ከጅማ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ከረመ። ለኔም ከብዙ ሰው ነው የደረሰኝ፤ ከተማሪዎች፣ ከአስተማሪዎች፣ ኤሌክትሮኒክስ ከሚጠግኑ ወዳጆቼ። የሚያወራው እንደ ራስቤሪ ፓይ ስላሉ ሲንግል ቦርድ ኮምፒውተሮች ነው፤ ሙሉ ኮምፒውተር በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ማለት ነው። መደምደሚያው አጭር ነው፦ ለኢትዮጵያ ተማሪና በትርፍ ጊዜው ኤሌክትሮኒክስ ለሚሞክር ሰው ቅንጦት ናቸው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ጽሑፉ የተጻፈው በቅንነት ነው። ጸሐፊው ሙያውን እንደሚያውቁም ያስታውቃል። ነገር ግን ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ደግሞ እዚሁ ጅማ የተማሪዎች ቡድን ይህን አንብቦ ቦርድ ሊገዛ ያዋጣውን ብር መልሶ ስለተከፋፈለ ነው።

የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። ዋጋው አይቀመስም፤ በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይገዛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል። ያለ ኢንተርኔት ምንም አይሠራም። ሴንሰር ማንበብና ፓምፕ ማስነሳት ከሆነ የተፈለገው አርዱይኖ ወይም ኢኤስፒ32 የሚባሉት ቀለል ያሉ መቆጣጠሪያ ቦርዶች ይበቃሉ። ተማሪው ኮድ ይገለብጣል እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አይማርም። በመጨረሻም በዚህ ቦርድ የተሠራ ነገር ገበያ አይወጣም። ያጣመምኩባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከዋጋው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ያሳመነው እሱ ነው። ውድ መሆኑን አልክድም። የመጀመሪያው ራስቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2012 ከእንግሊዝ አገር ሲወጣ 35 ዶላር ነበር። ያኔም ለኛ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የዓለም የቺፕ እጥረት መጣና ቦርዱ ከገበያ ጠፋ፤ የተገኘውም ከዋጋው በላይ ይቸበቸብ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በብር ተሰቀለ። በዚያ ላይ ያለነው ጅማ ነው። ዕቃው ወይ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ይመጣል፣ ወይ አዲስ አበባ ተገዝቶ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይላካል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ግን ያነጻጸሩት ምንን ከምን ጋር ነው? ከራስቤሪ ፓይ ዓይነቶች ኃይለኛውን ፓይ 5ን ወሰዱ፤ ያውም ትልቁን ሚሞሪ የያዘውን። 27 ዋቱን ቻርጀር ጨመሩበት። ማቀዝቀዣውን ጨመሩበት። ከዚያ ድምሩን ካገለገለ ዴስክቶፕ ጎን አስቀመጡት። ሙቀት ለክቶ ፋይል ላይ ለመጻፍ ፓይ 5 የሚገዛ ማነው? ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ የሚባል ቦርድ አለ። አራት ኮር ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ራም ይዟል፣ ዋይፋይም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ኩባንያው ያወጣለት ዋጋ 15 ዶላር ነው። እዚህ ሲደርስ እንደሚጨምር ግልጽ ነው። ቢሆንም ንጽጽሩ ከእሱ ነበር መነሳት ያለበት።

የሂሳቡ ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ያሰሉት አንድ ቦርድ ለአንድ ፕሮጀክት ብለው ነው። ሲንግል ቦርድ ኮምፒውተር ለኛ እንደ ቴስተርና እንደ ብየዳ ካውያ ነው። ቴስተሩን የሠራነው ዕቃ ውስጥ አሽገን አንሰጥም። ሥራው ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፣ ነገ ሌላው ይይዘዋል። ፓይም እንዲሁ ነው። ሚሞሪ ካርዱን አውጥተህ የሌላውን ቡድን ካርድ ስትከት ሌላ ማሽን ሆነ ማለት ነው። አንዱ ቡድን ጠዋት የካሜራ ሥራውን ይሞክርበታል፤ ከሰዓት ሌላው ቡድን የራሱን ካርድ ከቶ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዱ የሌላውን ፋይል አይነካም። ዋጋው ለብዙ ሰውና ለብዙ ሙከራ ሲካፈል ክርክሩ መልኩን ይቀይራል። የኔ ዋና ነጥብ ይኼ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእሱ ይመነጫል።

ዴስክቶፑን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ኮድ ለመማር፣ ሰነድ ለመጻፍና ቪዲዮ ለማየት ያገለገለ ዴስክቶፕ ከፓይ ይሻላል። ልጁ ቤት ውስጥ ምንም ኮምፒውተር ከሌለው መጀመሪያ እሱን ይግዛ። ነገር ግን ዴስክቶፕ ሴንሰር የሚሰካበት ፒን የለውም። ፓይ 40 ፒን አለው፤ ከእነሱ 26ቱን በኮድ ማዘዝ ይቻላል። በዩኤስቢ አርዱይኖ ቢቀጠልበትስ ቢሉኝ፣ ይሠራል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ጥሩ መላ ነው። ችግሩ ዕቃውን ይዘን ስንወጣ ነው። ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ባጃጅ ላይ ጭነን እርሻ ውስጥ አንገባም። ብንገባም 220 ቮልት ይጠይቃል። ፓይ 4 ቀለል ያለ ሥራ ላይ ሲሆን ከ3 እስከ 4 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። ዩፒኤስ ውስጥ የምናገኛት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት አወር ትይዛለች። ባትሪዋ እንዳትጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም፣ ወደ 5 ቮልት ሲወርድ የሚባክነውንም እንቀንስ። በ4 ዋቱ ብናሰላው አሁንም ከ8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ታሠራዋለች። ዴስክቶፕን በዚህች ባትሪ ያን ያህል ማቆየት አይታሰብም።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምመልሰውም ለዚህ ነው። ጅማ የምንኖር ሰዎች መብራት መጥፋትን ማንም እንዲነግረን አንፈልግም። ካርድ እንደሚበላሽም እውነት ነው። የቦርዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሆነው ሊኑክስ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ፋይሎቹ ይቃወሳሉ፤ አንዳንዴ ጨርሶ አይነሳም።

ጸሐፊው ግን ችግሩን ተናግረው መፍትሔ እንደሌለው አድርገው አለፉት። መፍትሔው ሲስተሙ ውስጥ ተቀምጧል። የራስቤሪ ፓይ ማስተካከያ ሜኑ ውስጥ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚል ምርጫ አለ። እሱ ሲበራ ካርዱ ለንባብ ብቻ ይሆናል፣ ጊዜያዊው ጽሕፈት ሁሉ ራም ላይ ያርፋል። መብራት ቢጠፋ ካርዱ ላይ እየተጻፈ ያለ ነገር ስለሌለ የሚቃወስ ነገር የለም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ራም ላይ ያረፈው ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ ዳታውን ለብቻው ዩኤስቢ ፍላሽ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ያም በየሰከንዱ መሆን የለበትም፤ አጠራቅሞ በየአሥር ደቂቃው መጻፍ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የምናጣው ቢበዛ የአሥር ደቂቃ ንባብ ነው።

በመብራት መጥፋት ከሚሳበበው ብልሽት የተወሰነውን የሚያመጣው ደግሞ ደካማ ቻርጀር ነው። የስልክ ቻርጀርና ቀጭን ገመድ ይሰካል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ4.63 ቮልት በታች ሲሆን ፓይ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ሞኒተር ካለ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይታያል። ሞኒተር ሳይሰካ የሚሠራ ሰው ግን ምልክቱን አያየውም። ካርዱ ሲበላሽ «መብራት ኃይል ነው» ይላል። ቴስተር አንስቶ 5 ቮልቱን ፒኑ ላይ መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይ። ወደ አጋሮ በሚወስደው መስመር በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተማሪዎች የሸራ ሥር ሙቀት ለመለካት ተነሱ። የታጠበ ቡና ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሲደርቅ ቀትር ላይ ፀሐዩ እንዳይጎዳው፣ ማታም ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፈናል። ጥያቄያቸው ሸራው ሥር ያለው ሙቀት በየሰዓቱ እንዴት ይለዋወጣል የሚል ነበር። የተጠቀሙት ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን ሴንሰር ነው። ጫፉ ብረት ለብሷል፣ ውኃ አያስገባም፣ ስህተቱም በዚህ የሙቀት ክልል ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። ትልቁ ጥቅሙ እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ ቁጥር ስላለው ብዙዎቹን በአንድ የዳታ ሽቦ ላይ መደርደር መቻሉ ነው። ከአልጋው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ገመድ ዘረጉና በየቦታው ሴንሰር ቀጠሉበት።

ግን ሴንሰሩ በዳታ ሽቦውና በ3.3 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ያ በእጃቸው አልነበረም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አልፈለጉም። ጅማ መርካቶ ራዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ዘንድ ሄዱ። ጋሼ ከሞቱ ራዲዮኖች የወጡ ቦርዶች የሞሉበትን ካርቶን አወጡላቸው። የ4.7 ኪሎ ኦም ምልክት የሆነውን ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይ ቀለበት ያለውን ፈለጉ። አገኙት፣ በካውያ ስታኞውን አቅልጠው ነቀሉት፣ በቴስተር ለኩት፣ ሠራ። እነዚህን ልጆች ቦርዱ ኤሌክትሮኒክስ አላስተማራቸውም የሚል ሰው ካለ እኔ ልስማማው አልችልም።

እዚሁ ሥራ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ችግር ብቅ አለ። እንዲያውም ከካርዱ ይልቅ ይኼን ቢጽፉት ክርክራቸው ይበረታ ነበር። ከፓይ 5 በፊት የወጡት ፓይዎች በባትሪ የሚሠራ የራሳቸው ሰዓት የላቸውም። ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ሲነሱ መጨረሻ ካስቀመጡት ሰዓት ይቀጥላሉ። ጣቢያው ላይ መብራት ማታ 2 ሰዓት ጠፍቶ ጠዋት 2 ሰዓት ይመጣል እንበል። ፓይ ለእሱ ገና ማታ ነው። ስለዚህ የቀን 6 ሰዓቱን ሙቀት ሌሊት 6 ሰዓት ብሎ ይመዘግባል። ልጆቹ ፋይሉን ሲከፍቱ ያዩት ይህንን ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ። መፍትሔው ዲኤስ3231 የሚባል የሰዓት ሞጁል ነው። ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ይዟል፣ በአራት ሽቦ ይገናኛል፣ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን አይስትም። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ፓይ የሚተክል ሰው ይህን ሞጁል ከቦርዱ ጋር አብሮ ይግዛ።

የኢንተርኔቱን ክስ በአጭሩ ልለፈው። ሲስተሙን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ። ከዚያ በፍላሽ ይቀባበሉታል። ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ፓይተን አብሮ ይመጣል፤ ዴስክቶፕ ባለው ሲስተም ላይ ፒኖቹን የሚያዝዘው ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብም ተጭኖ ነው የሚገኘው። ሥራ ላይ ደግሞ ፓይ ራሱ ሆትስፖት ይሆናል። ልጆቹ ስልካቸውን ከእሱ ዋይፋይ ጋር አገናኝተው አልጋው ዳር ቆመው ንባቡን ያዩ ነበር። ዳታ አልገዙም።

አርዱይኖና ኢኤስፒ32 ይበቃሉ ለሚለው፣ በብዙ ነገር ትክክል ናቸው። የአፈር እርጥበት አንብቦ ፓምፕ ለማስነሳት ሊኑክስ አያስፈልግም። ኢኤስፒ32 በትንሽ ባትሪ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ፓይ አይችልም፣ ኃይል ለመቆጠብ እንደ እሱ አይተኛምና። በማይክሮ ሰከንድ የሚለካ ምልክት ላይም ሊኑክስ አይታመንም፤ መሃል ላይ ሌላ ሥራ ሊይዘው ይችላል። አርዱይኖ ኡኖ አናሎግ ምልክት፣ ማለትም ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ በስድስት ፒን ያነባል፤ ፓይ አንድም የለውም፣ እንደ ኤምሲፒ3008 ያለ ቺፕ መጨመር አለበት። ከዚህ ዓይነት ሥራ ሌላ የማይሠራ ሰው ፓይ አይግዛ። ይህን ሳላመነታ ነው የምለው።

ስህተቱ «ይበቃሉ» የሚለውን ለሁሉም ሥራ ማድረጋቸው ላይ ነው። የተሰበረና በነፍሳት የተበላ የቡና ፍሬን በካሜራ መለየት የሚፈልግ ተማሪ አለ እንበል። 640 በ480 የሆነ ባለቀለም ምስል ሳይጨመቅ 921,600 ባይት ነው። ኢኤስፒ32 ውስጡ ያለው ራም 520 ኪሎባይት ነው። አንዱ ምስል እንኳ አይገባም። ተጨማሪ ራም ያላቸው የኢኤስፒ32 ቦርዶች አሉ፤ ምስሉን ይይዛሉ። ግን ተማሪው የሚፈልገው ምስሉን መያዝ ብቻ አይደለም። ቀለሙን መለየት አለበት፣ የፍሬውን ጠርዝ መፈለግ አለበት፣ አሥር ዓይነት መንገድ ሞክሮ የማይሆነውን መጣል አለበት። ፓይ ላይ ምስል የሚመረምረውን ኦፕን ሲቪ የሚባል ላይብረሪ ጭኖ አንድ መስመር ቀይሮ ውጤቱን ወዲያው ያያል። ፕሮቶታይፕ ማለት ደግሞ ይኼው ነው፤ የሚሆነው ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ መሞከር።

ጸሐፊው ርካሾቹን ብትገዙስ ብለው ሌላ ኩባንያ የሚሠራውን ተመሳሳይ ቦርድ፣ ኦሬንጅ ፓይንም አንስተዋል። ቦርዱ መጥፎ አይደለም። ግን ችግር ሲገጥም የሚነበብ ማብራሪያና የሚጠየቅ ሰው እንደ ራስቤሪ ፓይ አይገኝለትም። ሠፈሩ ውስጥ ቦርዱን የሚያውቅ ሰው ለሌለው ጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ተማሪው ይገለብጣል የሚለው ክስ ያሳዝነኛል፤ እውነትነት ስላለው። ኮድ አውርዶ፣ ስም ቀይሮ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ብሎ የሚያቀርብ አለ። ግን ቦርዱ ምን አደረገ? ለመገልበጥማ አርዱይኖ ይብሳል፤ ለእሱ የተጻፈ ዝግጁ ኮድ ሞልቷል። ጥፋቱ ከቦርዱ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው የሚመክሩን ቦርድ የመጀመሪያው ተከሳሽ በሆነ ነበር። መገልበጥ የሚቆመው ገምጋሚው «ይህን ሽቦ ለምን እዚህ አገናኘኸው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ፓይ እንዲያውም የማያውቀውን ሰው ቶሎ ያጋልጣል። ፒኖቹ 3.3 ቮልት ናቸው፤ 5 ቮልት አይችሉም። ኤችሲ ኤስአር04 የሚባለው የርቀት ሴንሰር ኤኮ በሚለው ፒኑ 5 ቮልት ይመልሳል። ለአርዱይኖ ኡኖ የተሠራውን የሽቦ አያያዝ ገልብጦ ፓይ ላይ የሰካ ሰው ፒኑን ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር ነው፤ አንድ ባለ 1 ኪሎ ኦም፣ አንድ ባለ 2 ኪሎ ኦም። 5 ቮልቱ ወደ 3.3 ይወርዳል። ይህን ያሰላ ተማሪ የኦምን ሕግ ከጥቁር ሰሌዳ አውርዶ እጁ ላይ አገኘው ማለት ነው።

የመጨረሻው ገበያ አይወጣም የሚለው ነው። በዓለም ላይ ያለው እውነት ከዚህ ተቃራኒ ነው። ኩባንያው ፋብሪካ ዕቃዎች ውስጥ የሚገጠም ኮምፒዩት ሞጁል የሚባል ቦርድ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሸጣል። ዛሬ ከሽያጩ አብዛኛው የሚሄደው ለኢንዱስትሪ ነው። ለኛ የሚቀርበው መንገድ ግን ሌላ ይመስለኛል። በፓይ ሞክሮ፣ ሐሳቡ መሥራቱን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ርካሹ ቺፕ ማውረድ። ፓይ ፒኮ የሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 4 ዶላር ነበር፣ የፓይተን ታናሽ በሆነው ማይክሮ ፓይተን ይሠራል። ኢኤስፒ32ም ይሠራበታል። የሸራው ሥር መለኪያ አሁን በዚህ መንገድ ላይ ነው። ፓይ ላይ የተፈተነው ስሌት ጥቂት መስመር ብቻ ተቀይሮ ፒኮ ላይ ሠርቷል። ማጠቢያ ጣቢያው የሚረከበው ፒኮውን ነው። ፓይው ተመልሶ ለሌላ ቡድን ተሰጥቷል።

ብር አዋጥቶ የሚገዛ ቡድን ካለ የኔ ምክር ይኼ ነው። አንድ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ ወይም ያገለገለ ፓይ 4 በጋራ፤ ለየሰው አንዳንድ ካርድ፤ አንድ ደህና ቻርጀር ከወፍራም ገመድ ጋር፤ አንድ የሰዓት ሞጁል። ከእነዚህ ጎን አንድ ሁለት ኢኤስፒ32 ይኑሩ፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ተስማምተናል። ሬዚስተር በአዲስ አትግዙ፤ ከጠጋኞች ካርቶን ይገኛል። ጸሐፊውም ዴስክቶፕና አርዱይኖ አጣምረው የሠሩት ሥራ ካለ ከነሽቦ አያያዙ ቢያወጡልን ደስ ይለኛል፤ እኔም የሸራውን መለኪያ ኮድና ሥዕል ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።